የታችኛው አዝራር

መስከረም 14

ለወንድሜ ለአዝራር፤

ይህች ወረቀት አንተም ባለቤትህም እንደ ልባችሁ በጤና ሆናችሁ ትድረስላችሁ። እኛ ጋ ጣሪያው ያፈሳል፣ ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ይጮኻል፣ ሌላው ሁሉ ተመስገን ነው። አባባ አጠገቤ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው «ሰላምታውን አታሳጥሪው» ይሉኛል። አላሳጠርኩም። ስልክ ልደውልለት ስላቸው «ስልክ ትራስ ስር አይቀመጥም» አሉ። የላክሃቸውን ደብዳቤዎች በሙሉ ትራሳቸው ስር አድርገው ነው የሚተኙት፤ ትራሱ ከፍ ከማለቱ የተነሳ አንገታቸውን እያመማቸው ነው። በሦስት ዓመትህ ከስፌት መኪናው ስር ለቅመህ የዋጥካትን አዝራርም አልረሷትም። ለጎረቤቱ ሁሉ «እሷን አልመለሰልኝም፣ ስሟን ግን አወጣሁለት» እያሉ ይስቃሉ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። አባባ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ካቃታቸው ቆይቷል፤ ደብቀውኝ ነበር። ባለፈው ወር የበሩን ጉበን በግንባራቸው ሲመቱት አይቼ፣ ነገሩ ደስ ስላላለኝ ወደ ዓይን ሐኪም ወሰድኳቸው። እኔ ሞራ መስሎኝ ተገፎ ያልፋል ብዬ ነበር። ሐኪሙ በመብራት ብዙ ካየ በኋላ ሞራ አይደለም፣ የዓይን ግፊት ነው፣ ነርቩን ከጎን ጀምሮ በልቶታል አለ። አሁን የሚያዩት ከፊት ለፊታቸው ያለችውን ትንሽ ክብ ብቻ ነው። እሳቸው ራሳቸው «በክር ጥቅልል ቀዳዳ እንደማየት ነው» ይላሉ። ጠብታው ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። እስከ መቼ ብዬ ስጠይቀው ቢበዛ እስከ ግንቦት አለኝ።

ተመልሰን በራችን ላይ ስንደርስ «ልጁ ይምጣና ፊቱን ልየው። ሌላ የምፈልገው የለኝም» አሉኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ስትመጣ ቤቱ ሰው ሞልቶ ስለነበር በሰው ትከሻ ላይ ነው ያየሁት ይላሉ።

ገንዘብ አትላክ። ጠብታውን እኔ እችለዋለሁ፣ የስፌት ሱቁም ደህና ነው። አንተ ብቻ ና።

እህትህ


ጥቅምት 26

ለውድ እትዬ፣ ለአባባም፤

ካላችሁበት ድረስ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ፤ የአባባን ጉልበት፣ ያንቺን ትከሻ ስሜያለሁ። ባለቤቴም እንደዚሁ። አባባና ጨለማ አብረው አልታዩኝም። በልጅነቴ ከእጄ ያመለጠች መርፌ ከወለል ስንጥቅ ውስጥ አይተው የሚያወጡ ሰው ናቸው።

እትዬ፣ መምጣቱን እኔስ ጠልቼው መሰለሽ? በዚህ ዓመት ኩባንያችን ግማሹን ሠራተኛ ቀንሶ የቀረነው የሁለት ሰው ሥራ እየሠራን ነው። አለቃዬ ፈቃድ የሚባል ቃል ሲሰማ ፊቱ ይጠቁራል። እስከሚቀጥለው መስከረም ድረስ አንድም ቀን የለም ብሎኛል። ቀኑን ሙሉ አሳንሰር ጉድጓድ ውስጥ ተንጠልጥዬ ስፈታና ስገጥም ስለምውል ወገቤ እንጨት ሆኗል። ሐኪሙ እረፍት አድርግ ይለኛል፤ እረፍቱን ከየት እንደማመጣው ግን አልነገረኝም።

አትላክ ብትዪም ለጠብታው ትንሽ ነገር ልኬያለሁ። የዓይን ሐኪሙን ወረቀት ገልብጠሽ ላኪልኝ፣ እዚህ ለሚያውቅ ሰው አሳያለሁ። አባባን አጽናኚልኝ። መስከረም ሩቅ አይደለም በያቸው።

ወንድምሽ አዝራር


ታኅሣሥ 24

ለወንድሜ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። የላክኸው ደርሷል፣ ጠብታው ተገዝቷል። ደብዳቤህን ለአባባ ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው። መስከረም የሚለው ላይ ስደርስ በጣታቸው ቆጠሩ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እኔ ይህን አልጨመርኩባቸውም።

ጥቂት ነገር ልጠይቅህ። ወገብህ እንዴት ሆነ? ተሻለህ? እዚያ ብርዱ እንዴት ነው? በታኅሣሥ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምን ስትሠራ ከረምክ? ደግሞም አባባ ለሠርግህ የሰፉልህ ነጭ ሸሚዝ የት ነው ያለው? የታችኛዋን አዝራር በቀይ ክር የተከሉበትን ማለቴ ነው። ታስታውስ እንደሆነ፣ ለስድስት ቤት አንድ የልብስ ማስጫ ገመድ በነበረን ጊዜ የእኛ ሸሚዝ ከሰው እንዳይቀየር ብለው የጀመሩት ነገር ነው። ሱሪ ውስጥ ስለምትገባ ሌላ ሰው አያያትም። የቤቱ ልጅ ግን ያውቃታል።

ለምን ጠየቅሽኝ አትበለኝ። መልሱን ለእኔ በተለየ ወረቀት ጻፍልኝ። ለአባባ የማነበው ሌላ ይሁን፤ ድምፄ እንዲያስቸግረኝ አልፈልግም።

እህትህ


የካቲት 18

(ለአባባ የሚነበብ)

አባባ፣ ጤናዎትንና ዕድሜዎትን ያብዛልኝ። እዚህ በረዶው እስከ ጉልበት ደርሷል። ታኅሣሥን በሙሉ ከጉድጓድ አልወጣሁም፤ ፀሐይ ምን እንደምትመስል ረስቻለሁ። የሰፉልኝን ሸሚዝ በትልልቅ ቀን እለብሰዋለሁ፣ ሰው ሁሉ ማን ሰፋልህ ይለኛል። መስከረም ላይ መጥቼ እጅዎትን እስማለሁ። የዋጥኳትንም አዝራር ካገኘኋት ይዣት እመጣለሁ።

(ለእትዬ ብቻ)

እትዬ፣ መልሱ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ ነው። እውነቱን ልንገርሽና ደብዳቤሽ ከፖሊስ የመጣ ነው የመሰለኝ። የት ነበርክ፣ ምን ለበስክ፣ ምን ሠራህ። ሰው ለፍቶ ከሚያድርበት አገር ሆኖ እህቱ እንዲህ ስትመረምረው ደስ አይልም። ሥራ ላይ ነበርኩ። ሸሚዙም ቁም ሳጥኔ ውስጥ በስተቀኝ ተተኩሶ ተሰቅሏል። ከዚያ ወጥቶ እንደሆነ ዓይኔን ግንባር ያርገው። የሚያስከፋሽ ነገር ካለ በግልጽ ተናገሪ እንጂ ነገር አታዙሪብኝ።

ወንድምሽ


መጋቢት 14

ሰላምታውን ዛሬ አሳጥሬዋለሁ። አባባ አጠገቤ የሉም።

በግልጽ ተናገሪ ብለኸኛል፣ እናገራለሁ። ከራሴ ልጀምር። የስፌት ሱቁ የለም። የሕንፃው ባለቤት ቦታውን ለስልክ ሻጭ አከራይቶ ካስወጣን ሁለት ዓመት አልፎታል። የስፌት መኪናው መኝታ ቤቴ ውስጥ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። ያልነገርኩህ ለልመና የጻፍኩ እንዳይመስልህ ነው። አሁን የምሠራው ተራራው ላይ ባለው ትልቁ ሆቴል፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። በየጠዋቱ በሠራተኛ ሰርቪስ አንድ ሰዓት ተኩል ተጉዤ እወጣለሁ፣ ማታ እመለሳለሁ።

ሆቴሉን ላንተ መግለጽ ለቀባሪው አረዱት ነው። ገደሉን የሚያይ መስታወት፣ እንፋሎት የሚወጣው መዋኛ፣ ከአልጋ የሚለሰልስ ጋዎን፣ አፍህን ሳትከፍት ሻይ ይዞ የሚመጣ ሰው። እኛ ያለነው ከዚያ ሁለት ፎቅ ወደ ታች፣ ምድር ቤት ነው። መስኮት የለም። የስፓው ፎጣ ሁሉ እኛ ጋ ይወርዳል። ዘይት የነካው ፎጣ ከሌላው ጋር አይታጠብም። ዘይቱ ሳይለቀው ደርቆ ከተደረደረ፣ ዝም ብሎ ተቀምጦ ከውስጥ ይግልና እሳት ያነሳል። ይህን መጀመሪያ ቀን ሲያስተምሩኝ አላመንኩም ነበር። ካለፈው ታኅሣሥ ወዲህ ግን አምናለሁ፤ እኔም እንደዚያው ተደርድሬ ስግል ነው የከረምኩት።

ታኅሣሥ 9 ቀን ጠዋት የአራት መቶ አሥራ ሁለት ቁጥር ክፍል ከረጢት ጠረጴዛዬ ላይ ወረደ። ሁለት ሱሪ፣ የሴት ቀሚስ፣ አንድ ነጭ ሸሚዝ። እያንዳንዱን ዕቃ ገልብጦ ማየት ሥራዬ ነው፤ የተበጠሰ፣ የላላ፣ የቆሸሸ ካለ መመዝገብ አለበት። የሸሚዙን አዝራር ከአንገት ጀምሬ እየዳሰስኩ ወረድኩ። የታችኛዋ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።

መጀመሪያ ሌላ ሰው አባባ ጋ አሰፍቶ ይሆናል አልኩ። ግን ቀዩን ለማንም አይሰጡም። ከረጢቱ ላይ የተሰካውን ወረቀት አነሳሁት። የእጅህን ጽሑፍ በየወሩ ጮክ ብዬ የማነበው እኔ ነኝ፣ እኔ ካላወቅሁት ማን ይወቀው? እንዲህ ይላል፦ «አደራ፣ ነጩ ሸሚዝ በእጅ ይታጠብ።»

አደራ ያልከው ለማን እንደሆነ አታውቅም ነበር። እኔ ግን አደራህን ተቀበልኩ። በእጄ አጠብኩት፣ በካውያ አለሰለስኩት፣ አጥፌ ወደ ላይ ላክሁልህ።

ለምን ወጥተሽ አላገኘሽኝም ትለኝ ይሆናል። ምድር ቤት የምንሠራ እንግዳ ወዳለበት ፎቅ አንወጣም፣ ሕግ ነው። ሕጉንም ልጥሰው ተነስቼ ነበር። ሦስተኛው ደረጃ ላይ የሥራ ልብሴን አየሁት፣ የውኃ ጫማዬን አየሁት። ተመለስኩ። ደግሞ ሌላ ነገር አሰብኩ፣ ሞኝ ነኝና። ደስ ሊያሰኘን ነው አልኩ። ፈቃድ የለም ብሎ ጽፎ፣ ድንገት በር አንኳኩቶ ሊያስደነግጠን ነው አልኩ። በልጅነትህ እንደዚያ ነበርክ።

ስለዚህ ቤት ገብቼ መጋረጃውን አወረድኩና አጠብኩት። ያንተን አልጋ አነጠፍኩ። ቅዳሜ ፀጉር አስተካካዩን ቤት ድረስ ለምኜ አምጥቼ አባባን አስላጨኋቸው። በሠርግህ ቀን ለብሰውት የነበረውን ኮት አለበስኳቸው። ወንበራቸውን በሩ ፊት፣ ብርሃን የሚገባበት ቦታ አደረግሁት፤ በዚያች ክብ ውስጥ በደንብ እንድትገባላቸው ብዬ። «ማን ይመጣል?» አሉኝ። «ማንም» አልኳቸው። «ለማንም ጺም አይላጭም» አሉና ፈገግ አሉ። ሦስት ቀን ሙሉ እዚያ ተቀመጡ።

ሥራ ላይ ደግሞ ክፍልህን የምታጸዳውን ልጅ፣ ቀጭኗ የምንላትን፣ እየጠየቅኋት ነበር። ጥሩ እንግዳ ነው አለችኝ፤ ሰላም ይላል፣ አይጮኽም። ጠዋት በትኩስ ድንጋይ ወገቡን ይታሻል፣ ከሰዓት እንፋሎት ይገባል፣ ከዚያ በጋዎን በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጭጋግ ያያል። ጭጋጉ ሲገፈፍ ከዚያ በረንዳ ምን እንደሚታይ ታውቃለህ? የእኛ ከተማ ጣሪያዎች። የሚያፈሰውም ጣሪያ እዚያው ውስጥ አለ።

አምስተኛው ቀን ላይ ሂሳብ ዘግተው ሄዱ አለችኝ። ወደ እኛ ነው የሚመጣው ብዬ ከሰርቪሱ ወርጄ በዚያ ጉልበቴ ቤት ድረስ ሮጥኩ። አባባ ኮታቸውን እንደለበሱ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

ሸሚዙን ገላ መታጠቢያው በር ጀርባ ረስተኸው ነው የሄድከው። የሆቴሉ ደንብ የተረሳ ዕቃ ሦስት ወር ተቀምጦ ባለቤቱ ካልጠየቀው ላገኘው ሰው ይሰጣል ይላል። ትናንት ሦስት ወር ሞላው። ቀጭኗ፣ አንቺ ስትጠይቂኝ ስለነበር ብላ ለእኔ ሰጠችኝ። እንግዲህ ቁም ሳጥንህ ውስጥ በስተቀኝ የተሰቀለው ሸሚዝ አሁን ጭኔ ላይ ነው ያለው።

በዓይንህ አትማልብኝ። በዚህ ቤት በዓይን አይማልም።

ያቺን የአባባን ወረቀትህንም አነበብኩላቸው፤ ምን ምርጫ ነበረኝ? በረዶው እስከ ጉልበት የሚለው ላይ ስደርስ «ድርብ ካልሲ ይልበስ፣ ጻፊለት» አሉኝ። ይኸው ጽፌልሃለሁ። ድርብ ካልሲ ልበስ።

ደሜ ፈልቷል፣ አልደብቅህም። ግን ሐኪሙ እስከ ግንቦት ነው ያለው፣ ገና ነው። ጥቂት ጊዜ አለች። የምትለኝን ሁሉ ትተህ፣ አንድ ቀን፣ አንድ ሰዓት እንኳ ቢሆን መጥተህ ፊታቸው ቁም። ያኔ እኔም ዝም እላለሁ፣ እሳቸውም ምንም አይሰሙም።

እህትህ


ግንቦት 2

ለእትዬ፤

በምን ፊቴ ሰላምታ እንደምጀምር አላውቅም። ይህን ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። እውነት ነው። እኔ ነኝ። አምስት ቀን እዚያ ነበርኩ።

ስደቢኝ፣ ግን ደግሞ ስሚኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ስመጣ የሆነውን አትርሺ። አርባ ሰው ነው ቤት ውስጥ ያደረው። አንዱ ስልክ አምጣ፣ አንዱ ሥራ አስገባኝ፣ አንዱ ሻንጣዬን ከፍቶ ለእኔ የትኛው ነው ይላል። በገዛ አባቴ ቤት ከአባቴ ጋር አንዲት ቃል ሳላወራ ተመለስኩ። አባባ በሰው ትከሻ ላይ ነው ያየሁት ካሉ፣ እኔስ እንዴት ያየኋቸው መሰለሽ? ስመለስ አንድ ወር ታመምኩ። ባለቤቴ ሁለተኛ እንደዚያ አትሄድም አለችኝ። ዘንድሮ በብዙ ልመና አንድ ሳምንት ሳገኝ፣ መጀመሪያ እንረፍ፣ በመጨረሻው ቀን ሄደን አባባን እናያለን ተባባልን። ለማንም ካልተናገርን ሰው አይሰበሰብም ብለን ነው።

በመጨረሻው ቀን ወረድኩ። ማደያው ጋ ያለው መገንጠያ ላይ ደረስኩ። ታንኩ ሙሉ ነበር፣ ቆሜ እንደገና አስሞላሁ፤ ቀጂው ሳቀብኝ። መኪናው ውስጥ ሃያ ደቂቃ ተቀመጥኩ። ለአውሮፕላኑ የቀረኝ ጊዜ ለአንዲት ሰዓት ብቻ ነበር የሚበቃኝ። አምስት ቀን የት ነበርክ ቢሉኝስ አልኩ። ገላዬ ዘይት ዘይት ይላል። አንድ ሰዓት አይተውኝ ተነስቼ ብወጣ ከመቅረቱ ይብሳል አልኩ። ከዚያም በላይ፣ እትዬ፣ ፈራሁ። አባባ ዓይናቸውን አጥብበው ሲፈልጉኝ ማየት ፈራሁ። መሪውን አዞርኩት።

ግን ውሸታሙ እኔ ብቻ ነኝ? ሁለት ዓመት ሱቁ ደህና ነው ስትዪኝ ከርመሻል። እህቴ ምድር ቤት ፎጣ እያጠበች መሆኗን ባውቅ እዚያ ሆቴል እግሬ ይረግጥ ነበር? ነገርሽ እኔንም አቃጥሎኛል። እንደ ባዳ ነው የደበቅሽኝ።

አሁን መፍትሔ አግኝቻለሁ። ነሐሴ ላይ እመጣለሁ፣ ለብቻዬ። እዚያው ሆቴል ሦስት ክፍል ለአራት ቀን ይዣለሁ፤ ለአባባ፣ ላንቺና ለእኔ። ሰው አይሰበሰብም፣ ማንም አይረብሸንም። አንቺም አንድ ጊዜ እንግዳ ሆነሽ ሙቅ ውኃው ውስጥ ተቀመጪ፣ ፎጣሽን ሌላ ሰው ይጠበው። የአባባን ትከሻ ያሹላቸዋል፤ ስልሳ ዓመት ስፌት መኪና ላይ ያጎነበሰ ትከሻ ነው። ክፍላቸው በሁለት በኩል መስኮት ያለው፣ ብርሃን የሞላበት ነው፤ እኔ ራሴ መርጬዋለሁ። እዚያ ተረጋግተው በደንብ ያዩኛል።

ሸሚዙን አስቀምጪልኝ።

ወንድምሽ


ሰኔ 21

ለወንድሜ፤

እንደምን ከረምክ። አባባ ሰላም በዪው ብለውኛል፤ ብያለሁ።

ግንቦት 19 ቀን ጠዋት፣ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ቤት ነበርኩ። አባባ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው «ዛሬ ለምን መስኮት አልከፈትሽም?» አሉኝ። መስኮቱ ክፍት ነበር። ፀሐይዋ ጉልበታቸው ላይ ነበረች። እሳቸው እጃቸውን ዘርግተው ሙቀቱን ዳሰሱትና ገባቸው። «ይሁን» አሉ። ያ ቀን አለፈ።

አንተ የመረጥክላቸው ሁለት መስኮት ያለው ክፍል እንዲህ ነው የሆነው።

አሁን ቤቱን በእጃቸው ነው የሚያውቁት። ሸሚዝህን ከፍራሼ ስር ደብቄው ነበር፤ ጣለው ወይም ተቀደደ ብዬ እንዳልዋሽ ብዬ። አንድ ቀን ውጪ ልብስ ሳሰጣ አንሶላ ፈልገው አልጋዬን ሲዳብሱ አገኙት። ስገባ ጭናቸው ላይ ዘርግተውታል። በአውራ ጣታቸው አዝራሮቹን ከአንገት ጀምረው እየቆጠሩ ወረዱ፣ ልክ እኔ እንደወረድኩት። ቀዩን ጣት አያየውም፣ ግን የታችኛዋን እንደሌሎቹ አይደለም የሚተክሏት፤ ክሩን ስሯ ላይ ሰባት ጊዜ ጠምጥመው እግር ያወጡላታል። እሷ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«መቼ ነው የመጣው?» አሉኝ።

ሸሚዙን ልወስድባቸው እጄን ዘረጋሁ። እሳቸውም ሳይለቁት «የተላጨሁ ጊዜ ነው?» አሉ።

«አዎ፣ አባባ» አልኳቸው።

እኔ የጠበቅሁት እንዲቆጡ ነበር። እንዲረግሙህ ፈልጌ ነበር፣ ይህን ደብቄ አልጽፍልህም። እሳቸው ግን ሸሚዙን ገልብጠው ጎን ጎኑን ይዳብሱ ጀመር። «ጎኑን ሁለት ጣት አስለቅቋል። ወፍሯል» አሉ። ትከሻውን ዳሰሱ። «ቀኙ ይበልጥ ሳስቷል፣ በአንድ ትከሻ ነው ዕቃ የሚሸከም።» ኮሌታውን ዳሰሱ። «አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሄድ። ልጅ ሆኖ ቀና ይል ነበር።» እንዲህ እያሉ ብዙ ቆዩ። ከዚያ የት እንዳረፍክ ጠየቁኝና ነገርኳቸው። ድንጋዩን፣ እንፋሎቱን፣ በረንዳውን፣ ሁሉንም። መገንጠያውንም። አልሸሹም ዞር አሉ ብዬ ልጨርስ ስል በእጃቸው ዝም አሰኙኝ። «ወገቡን ያመዋል። ካረፈ ደግ ነው» አሉኝ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ፤ ደብዳቤዎቹን ግን ከትራሳቸው ስር አላወጧቸውም።

እሳቸው ይቅር ብለው ይሆናል። አባት ናቸው፣ መብታቸው ነው። እኔ እህት ነኝ። ሱቁ መዘጋቱን ደብቄሃለሁ፣ እሱ ጥፋቴ ነው፣ እቀበላለሁ። ግን እህቴ እዚያ መሆኗን ባውቅ ያን ሆቴል አልረግጠውም ነበር አልከኝ። ይህንን ሐረግ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት ብታውቅ። ምን ታደርግ ነበር ማለት ነው? ሌላ ሆቴል ትመርጥ ነበር።

የያዝክልንን ክፍል መልስ። እኔ እዚያ ውኃ ውስጥ አልቀመጥም፤ የማን ፎጣ በማን እጅ እንደሚያልፍ አውቃለሁ። አባባም ተራራ አይወጡም። ነሐሴ ላይ የምትመጣ ከሆነ ቤቱ እዚያው ነው፣ ጣሪያው አሁንም ያፈሳል። በሩ ላይ ድምፅህን አሰማ፤ ካልተናገርክ ማን እንደገባ አያውቁም።

ሸሚዙን አስቀምጪልኝ ብለህ ነበር። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። በእጅ ነው የታጠበው። የታችኛዋ አዝራር ላልታ ነበር፤ አባባ በማግስቱ ጠዋት «መርፌና ቀይ ክር ስጪኝ፣ ሳትወድቅበት ላጥብቃት» አሉኝ። አሮጌውን ክር በጥርሳቸው ቆረጡት። እኔ መርፌው ላይ ክር አስገብቼ ሰጠኋቸው። እጃቸው ምንም አልረሳም፣ ሰባት ጊዜ ጠመጠሟት፣ እግር አወጡላት። ሲጨርሱ አዝራሯን በጣታቸው ይዘው፣

«ቀይ ነው አይደል?» አሉኝ።

«ቀይ ነው» አልኳቸው።

ነጭ ነው የሰጠኋቸው። ቀዩ አጠገቤ ነበር፣ እጄ ወደ ነጩ ሄደ። ቢያዩ ኖሮ አላደርገውም ነበር፤ ግን አያዩም። ስለዚህ አሁን ሸሚዙን ልበሰውና ደስ ወዳለህ ሆቴል ሂድ፣ እረፍ። ምድር ቤት ያለ ማንም ሰው የማን ልጅ እንደሆንክ አያውቅም።

እህትህ